ለመጀመሪያው የኤልክ አደኔ ዝግጅት፦ ከተኩሱ በፊት ሸክሙ

ዘንድሮ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ኤልክ ልናድን ነው። መሪ አልቀጠርንም፤ ፈረስም በቅሎም የለንም። ያለን ሁለት ጠመንጃ፣ ሁለት የጀርባ ቦርሳና ለሁሉም ክፍት የሆነው የፌዴራል ጫካ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ካለን ሐበሾች መካከል ነገሩን የሚጠይቁኝ ስላሉ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጠመንጃው ነው። እኔ ግን የጀመርኩት ከሥጋው ነው። ኤልክ ከአጋዘን ዘር ይሁን እንጂ ግዝፈቱ ከሐበሻ በሬ አያንስም። ወንዱ 320 ኪሎ ገደማ፣ ሴቷ 225 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ከወንዱ አጥንቱ ወጥቶ ወደ 90 ኪሎ ሥጋ ይገኛል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሰው በአንድ ጊዜ 23 ኪሎ ቢሸከም አራት ሸክም ይሆናል። መኪናው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ፣ አራት ጊዜ ተሸክሞ መሄድ፣ ሦስት ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ አለ። ድምሩ 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም በዳገትና በወደቀ ግንድ መካከል። ለሁለት ሲሆን ለእያንዳንዳችን 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ይደርሰናል። ብቻዬን አልሄድም ያልኩት ለዚህ ነው።

ካርታውንም የሠራሁት በዚሁ ሒሳብ ነው። ከየመንገዱ 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ መስመር አስምሬያለሁ። ከመስመሩ ወዲያ የፈለገው ትልቅ ቀንድ ቢታይ ዘንድሮ አንሄድም። ከመንገዱ በታች ያሉትን ገደሎችም ሰርዣለሁ። ባዶ ቦርሳ ይዞ ቁልቁል መውረድ ቀላል ነው፤ ታፋ ተሸክሞ በዚያው መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የቀሩኝ ከመንገዱ በላይ ያሉ፣ ሸክሙ ወደ ታች የሚመጣባቸው ቦታዎች ናቸው።

የመረጥነው አካባቢ ፍላት ቶፕስ ነው፤ ዋይት ሪቨር ናሽናል ፎረስት ውስጥ። ኮሎራዶ ከ250,000 በላይ ኤልክ ያለበት ግዛት ነው፤ በዚህ የሚስተካከለው የአሜሪካ ግዛት የለም። ነገር ግን የሕዝብ መሬትና የግል መሬት ተጠላልፈው ነው የሚገኙት። የግል መሬት አጥርም ሆነ ምልክት ባይኖረው እንኳ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ስልኬ ላይ ወሰኑን በቀለም የሚያሳየውን ኦንኤክስ የተባለ መተግበሪያ ጭኜ፣ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲሠራ ካርታውን አውርጃለሁ። የግዛቱ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ሲፒደብሊው፣ በነጻ የሚያቀርበው የአደን ካርታም አለ። ኤልክ ክረምቱንና በጋውን የሚያሳልፍበትን ቦታ ስለሚያሳይ ለጀማሪ በጣም ጠቃሚ ነው።

ስለ እግር እናውራ። ሀገር ቤት ደጋ ማደጋችን እዚህ ብዙም አይረዳንም። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው እዚያው ሲኖር ነው፤ ወርዶ ሲቀመጥ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ እኛ የምናድረው ከ2,900 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አደኑ ከመከፈቱ ሁለት ሌሊት ቀደም ብለን እዚያው እናድራለን። ለልምምድ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለውን ማኒቱ ኢንክላይን እወጣለሁ። 2,700 ያህል ደረጃ ነው፤ ከ1.5 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 600 ሜትር ወደ ላይ ያወጣል። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ የሞላ ጀሪካን እከታለሁ። ጫፍ ስደርስ ውሃውን ደፍቼ ቀለል ብዬ እወርዳለሁ፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነውና።

ተኩሱን የምለማመደው ልቤ እየመታ ነው። የተኩስ መለማመጃ ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መተኮስ ጠመንጃውን ለማስተካከል ይጠቅማል እንጂ ለተራራ አያዘጋጅም። ሮጥ ሮጥ ብዬ እመጣና መሬት ላይ ተቀምጬ፣ በሁለት ዘንግ ደግፌ፣ የወረቀት ሰሃን ላይ እተኩሳለሁ። ትንፋሼ ሳይሰበሰብ ሰሃኑን ሁልጊዜ የምመታበት ርቀት 180 ሜትር ነው። ገደቤም እሱ ነው። ከዚያ አልፎ የቆመ እንስሳ ላይ አልተኩስም፤ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ከሚጠፋ ባይተኮስ ይሻላል። ቤት ውስጥም ጥይት እንደሌለው ደግሜ ደጋግሜ አረጋግጬ ባዶውን ቃታ መሳብ እለማመዳለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ነፋሱ ነው። የኤልክን ዓይን ልታታልል ትችላለህ፤ አፍንጫውን ግን አታታልለውም። ቦታውን ለማየት ስንወጣ ነጭ ዱቄት የሞላ ትንሽ ብልቃጥ ይዤ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሸንተረሩ ላይ ጨመቅ ሳደርገው ዱቄቱ ቁልቁል እንደ ውሃ ፈሰሰ። ፀሐይ ተቃራኒውን ተዳፋት ስትመታ እዚያው አየር ላይ ቆሞ ተበተነ። ትንሽ ቆይቶ ፊቴን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፣ የሞቀ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ ጠዋት መንጋው ከሚሰማራበት ሜዳ በላይ አልቀመጥም፤ ሽታዬ ይወርድበታል። ረፋዱ ላይ ደግሞ የሚተኙበትን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ከላይ በኩል እጠብቃለሁ። ጫካው ብዙ ጊዜ በሰሜን በኩል ያለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ጥላና ቅዝቃዜ አለዋ። በጥርስ የተገመጠና ጠቁሮ የቀረ የአስፐን ዛፍ ልጥም አይተናል። ያ ጠባሳ ዓመታት ስለሚቆይ ብቻውን አያስተማምንም። ከሥሩ እርጥብ ፋንድያ ስናይ ነው ቦታውን የመዘገብነው።

ወረቀቱን ባጭሩ ልጨርስ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርዱን መያዝ አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት ላይ ብዙ ቦታዎች ያለ ዕጣ የሚገዛ ታግ (አንድ እንስሳ ለማደን የሚሰጥ ፈቃድ) አለ፤ ለወንድ ኤልክ ብቻ ነው፤ ሽያጩ ኦገስት ላይ ይጀምራል። አብዛኞቹ ቦታዎች ላይ ወንዱ በአንድ ወገን ቀንዱ አራት ቅርንጫፍ ወይም ግንባሩ ላይ ቢያንስ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል። ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስና ኮፍያ ግዴታ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን የሲፒደብሊው የአደን ደንብ መጽሔት ራሳችሁ አንብቡ።

ወደ ሥጋው ልመለስ። በሬ ስናርድ ሆድ ዕቃውን አውጥተን ነው የምንበልተው። ተራራ ላይ ግን ሆዱን ሳይከፍቱ መገፈፍ ይቻላል። በአንድ ጎን ቆዳውን ገፎ ወርቹንና ታፋውን መለየት፣ ከአከርካሪው ጎን ያለውን ረጅም ሥጋ መላጥ፣ ከዚያ ማገላበጥ ነው። ጭቅናው በመጨረሻ ከጎድኑ ጀርባ እጅ አስገብቶ ይወጣል። አራቱን እግሮች፣ የጀርባውን ሥጋና ጭቅናውን ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። የፆታው ምልክትም ከሥጋው ሳይነጠል መቆየት አለበት። ሥጋን የሚያበላሸው ሙቀት ነው፤ ቶሎ የሚሸተውም ታፋው አጥንት አካባቢ ነው። ቆዳው እንደወጣ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ ጥላ ውስጥ መስቀል ያስፈልጋል። ቅርጫ ላይ ብልት የሚያወጣ አጎት ያለው ሰው አጠገቡ ቆሞ ይማር። እኔ ከማንም በላይ የተማርኩት ከአጎቴ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ጥሬ ሥጋና ዱለት አይታሰብም። ኮሎራዶ ውስጥ ሲደብሊውዲ የሚባል የአጋዘን ዘሮችን አንጎል የሚያጠፋ በሽታ አለ። ሰውን እንደያዘ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ነገር ግን ምክንያቱ የሆነው ነገር በማብሰል አይሞትም። ጓንት አድርጉ፤ አንጎሉን፣ ኅብለ ሰረሰሩን፣ ጣፊያውን አትንኩ፤ ጭንቅላቱን ለሲፒደብሊው አስረክባችሁ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። በሽታው ከተገኘበት አይበላም።

እናቴ በስልክ «የተተኮሰ እንዴት ይበላል?» ብላኛለች። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። ስለ አሟሟቱና ስለ አስተራረዱ የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ፤ እናንተም የየራሳችሁን ጠይቁ። ከጾም አንጻር ጊዜው ይመቻል፤ ወቅቱ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ያልቃል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ከዚያ በፊት ያልተበላው ቋንጣ ይሆናል። የአደን ሥጋ መሸጥ ክልክል ስለሆነ ገንዘብ የሚዋጣበት ቅርጫ አይሆንም፤ መደቡን ለየቤቱ በነጻ ነው የምናደርሰው።

ገና ያላለቀልኝ ድንኳኑ ነው። በረዶ ሲጥል ውስጡ ምድጃ የሚተከልበት ዓይነት እያፈላለግሁ ነው። እንዲህ ባለው ድንኳን ከ3,000 ሜትር በላይ ያደረ ሰው ካለ፣ የጭስ ማውጫውን እንዴት እንዳሰረና ለአንድ ሌሊት ምን ያህል እንጨት እንደፈጀበት ይጻፍልኝ።