ከባንክ መዝገብ ወደ ብሎክቼይን፦ ሒሳብ ማስታረቅ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

በኦዲት ወይም በሒሳብ አያያዝ የሠራ ሰው ወደ ክሪፕቶ፣ ማለትም በብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የግብይት መዝገብ) ላይ ወደሚሠራው የዲጂታል ገንዘብ ዘርፍ ሲገባ ከዜሮ አይጀምርም። ዘርፉ ሒሳብ በትክክል የሚያስታርቅ ሰው በጣም ያስፈልገዋል። ሆኖም የቀድሞው ልማድ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ።

ዋናው የአስርዮሽ ጉዳይ ነው። 1 ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሹ አሃድ) ነው። ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን የራሱ ገንዘብ የሆነው ኤተር 18 የአስርዮሽ አሃዞች ሲኖሩት፣ በኢቴሪየም ላይ ያለው ዩኤስዲሲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲተካከል የተሠራ ዲጂታል ገንዘብ) ግን 6 ብቻ ነው ያለው። ከብሎክቼይን የወጣውን ጥሬ ቁጥር ሁሉንም በ18 አሃዝ ካሰሉት፣ የ1 ሚሊዮን ዶላር ቀሪ ሒሳብ ዜሮ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቶከን (እንደ ዩኤስዲሲ በብሎክቼይን ላይ የሚወጣ ዲጂታል ገንዘብ) የአስርዮሽ ልክ ከራሱ ኮንትራት፣ ማለትም ብሎክቼይኑ ላይ ቶከኑን ከሚያስተዳድረው ፕሮግራም ማንበብ ግድ ነው። ቀጥሎ ጋዝ የሚባለው የኔትወርክ ክፍያ አለ። በኢቴሪየም ላይ ዩኤስዲሲ ሲላክ ክፍያው የሚቆረጠው ከኤተር ነው፤ ግብይቱ በብሎክ (ወደ መዝገቡ በሚጨመር የግብይቶች ጥቅል) ውስጥ ገብቶ ቢከሽፍም አይመለስም። የከሸፉትን ትቶ የተሳኩትን ብቻ የሚመዘግብ ሰው የኤተር ሒሳቡ መቼም አይገጥምለትም።

የተላከን ገንዘብ የሚያስመልስ ባንክም የለም። አድራሻን (እንደ ሒሳብ ቁጥር የሚያገለግለውን ረጅም ኮድ) ከቀድሞ ግብይቶች ዝርዝር መቅዳት አደገኛ ነው፤ አጭበርባሪዎች መጀመሪያውና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ ሆን ብለው እዚያ ያስገባሉ። ሙሉውን ማመሳከር፣ ትንሽ መጠን ልኮ መድረሱን ማየት፣ ከዚያ ቀሪውን መላክ ይሻላል።

ለልምምድ ግብይቱ ለማንም የሚታይ የአንድ አድራሻ የ1 ወር ግብይቶችን አውርዳችሁ ከመነሻው እስከ መዝጊያው ቀሪ አስታርቁ። ያ ሠንጠረዥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ይጠቅማችኋል።