«ወጥቷል» ያልኩበት ቀን

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ባሕር ዳር በምሠራበት የኢንዶስኮፒ ክፍል (የሆድ ዕቃ በካሜራ ቱቦ የሚታይበት)፣ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ ቡና አምራች አባት ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ፣ ተደርጎላቸው ከትልቁ አንጀታቸው ግራ በኩል 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) በሽቦ ሸምቀቆ ተቆርጦ ወጣላቸው። የማስተኛው መድኃኒት ሲለቃቸው «ምን ተገኘ፣ ሲስተር?» አሉኝ። «እንኳን ደስ አለዎት አባቴ፣ ወጥቶልዎታል» አልኳቸው። እጄን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ።

የፓቶሎጂው (የናሙናው) ውጤት አዴኖማ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ፣ እንጂ ካንሰር አለመሆኑን ገለጸ። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አዴኖማ የወጣለት ሰው በ3 ዓመቱ ዳግም መታየት አለበት፤ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ብቻ የወጣለት ነው። ቀጠሮው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዘመድ እጅ ተላከላቸው።

ባለፈው ጥቅምት ተመልሰው መጡ። ደረጃውን ሁለት ጊዜ አርፈው ወጡት፤ የደም ማነስ መለኪያ የሆነው ሄሞግሎቢናቸው 7 ብቻ ነበር፤ በጣም ዝቅ ብሏል። ያንን የቀጠሮ ወረቀት ከመታወቂያቸው ጋር ከጠቀለሉበት ላስቲክ አውጥተው ሰጡኝ፤ እንደታጠፈ ነበር። ዳግም በካሜራ ሲታዩ ፖሊፑ የወጣበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ብቻ ሆኖ ንጹሕ ነበር። ካንሰሩ የተገኘው በስተቀኝ፣ ከትርፍ አንጀት መነሻ አጠገብ ነው፤ በዚያ በኩል አንጀቱ ሰፊ ስለሆነ ዕጢው ቶሎ አይዘጋውም፣ ዓይን የማያየው ደም ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ሰውን ያደክመዋል።

«አንቺ አይደለሽ ወጥቷል ያልሽኝ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንዲገባቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ። «ያኛው ወጥቷል፣ አባቴ» ብዬ መቀጠል አቃተኝ። «ያኛው» የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! የነገርኳቸው ሐሰት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት አዴኖማን ማውጣት ካንሰሩን ከ76 እስከ 90 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያበቀለ አንጀት እንደገና ሊያበቅል ይችላል፣ ከአንጀት እጥፋት ጀርባ ተሸሽጎ ከመጀመሪያው ምርመራ የሚያመልጥም አለ። ይህን በተሰበረ ድምፅ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔስ አረሙን በየክረምቱ አይደል የምነቅለው? እንዲህ ብትዪኝ እመጣ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም በ«ወጥቷል» ብቻ አላሰናብትም።

ከአጠገባቸው የቆመው ልጃቸው 41 ዓመቱ ነው፤ ወላጁ በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው ደግሞ ቢዘገይ በ40 ዓመቱ መታየት መጀመር አለበት። የእርሱን ቀጠሮ በአማርኛ፣ በእኛው አቆጣጠር ጽፌ ሰጠሁትና ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ጠየቅኩት። አነበበው። አባቱ ከአልጋው ላይ ሆነው፣ «ድገመው» አሉት።