የጠያቂ ብርቱካን

እማዬ እጇ ከተሰበረ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ደረጃ ላይ አዳልጧት ነው። «ወጌሻ ጋ ውሰጂኝ» እያለች ግማሽ ቀን ከተከራከረችኝ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሄድነው። አሁን ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስቀምጣ እኔን ማዘዝ ሥራዋ ሆኗል። ሽንኩርቱ ወፈረ፣ እሳቱ በዛ፣ ያ ድስት አይደለም ያኛው ነው።

በደህናው እጇ ደግሞ ጠያቂ ትቀበላለች።

ጠያቂው ሁሉ የሚመጣው ብርቱካን ይዞ ነው። ሕመምተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅማ! ሙዝ የሚያመጣ አለ፣ የታሸገ ጭማቂ የሚያመጣም አለ፤ ዋናው ግን ብርቱካን ነው። ልጅ ሆኜ መድኃኒት ይመስለኝ ነበር። አባዬ የተኛ ጊዜ፣ አልጋው አጠገብ ካለችው ትንሽ ቁም ሣጥን ላይ አንድ ፌስታል ብርቱካን ጠፍቶ አያውቅም። እሱ አይበላውም፤ ልጠን የምንጨርሰው እኛ ነበርን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የብርቱካን ልጣጭ ሲሸተኝ የሐኪም ቤት ኮሪደር ነበር የሚታየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት አርባ ምናምን ብርቱካን ቆጠርኩ። መንደሪኑን ሳልጨምር። መሳቢያው አልዘጋ ብሏል፤ ሁለቱን ሻጋታ ጀምሯቸዋል። ሁሉንም ከየፌስታላቸው አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ አንድ ላይ ደባለቅኳቸው። ፌስታሎቹን ጣልኩ። ጭማቂ እንዳላደርገው መጭመቂያችን ከተበላሸ ቆይቷል። ያኔ ነው ሰላጣ ትዝ ያለኝ። ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶና ብርቱካን።

ለእማዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች።

«ብርቱካን ከሽንኩርት ጋር?»

«አዎ።»

«በእሑድ ምድር ቅጠል ልታበዪኝ ነው?»

ለእሷ ሰላጣ ማለት በየአይነቱ ላይ ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ነው፤ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት። ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ በእጅ የሚበላ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ «የፈረንጅ ነገር» ነው። ብርቱካን ራሱ ስሙ ከፖርቱጋል ተነሥቶ በዓረቦች በኩል ዞሮ የመጣ ነው፣ አቸቶም የጣልያን ቃል ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

«ቋንቋውን ተይውና ቅጠሉን በደንብ እጠቢ» አለችኝ።

ሰላጣውን የገዛሁት መንገዳችን ላይ ካለችው ጉሊት ነው። ፒያሳ ሳለን አትክልት ተራ ከኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዤ እማዬን እከተላታለሁ። ጭቃውን እየዘለልን ወርደን፣ የጎመኑን ዋጋ እየተከራከርን፣ ሞልተን እንመለሳለን። በ2012 ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ ኋላ ደግሞ ወደ ላፍቶ። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እኛም ተነሣን። ጎረቤቶቻችን አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ተበተኑ። እኛ አራት ኪሎ ኪራይ አገኘን። አሁን ብርቱካን ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ ፌስታላቸውን ታቅፈው።

እዚህ ከተማ ጥሬ ሰላጣ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጣዕሙ አይደለም፤ አሜባ ነው። አይፈረድብንም። የምንበላው ቅጠላ ቅጠል ብዙው በአቃቂና በገባሮቹ ውሃ የሚበቅል ነው። ወንዙ ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ ለማወቅ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። እማዬ የምታምነው አቸቶ ነው። አንድ ክዳን አቸቶ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጋ ትዘፈዝፍና ጨረስኩ ትላለች። እኔ ግን ሙያው ያለው እጅ ላይ ነው ባይ ነኝ። አንድ በአንድ፣ ፊትና ጀርባውን፣ በሚወርድ ውሃ።

የሚወርደው ውሃ ደግሞ እኛ ጋ የሚመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል። ከዚያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ይጠራል። ግቢው ሁሉ የጀሪካን ድምፅ ይሆናል። እኔ ሁለቱን ጀሪካን ከሞላሁ በኋላ ሰላጣዬን ይዤ ቧንቧው ሥር ቆምኩ። አሸዋው የሚደበቀው ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት፣ ነጭ ሆኖ እንደ ማንኪያ የጎደጎደው ቦታ ላይ ነው። በአውራ ጣቴ ፈተግሁት። አንዱ ቅጠል ላይ ከምስር የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ተለጥፋ አገኘሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሲያልቅ ቅጠሉን አሮጌ ነጠላ ውስጥ ቋጥሬ ውሃው እንዲወጣለት በረንዳ ላይ ቆሜ አወናጨፍኩት። ዘበኛው ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ባትሪውን አበራብኝ።

«ሰላጣ ነው፣ ጋሼ!» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ባትሪውን አጥፍቶ ሄደ።

እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። ብርቱካኑን እንደ ልማዳችን በእጅ ልጦ መፈልፈል ለሰላጣ አይሆንም። ነጩ ቆዳ ይመራል። ላይና ታቹን ቆርጬ መክተፊያው ላይ አቆምኩት። ከዚያ ቢላውን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ ልጣጩን ከነነጩ ገፈፍኩት። በየሽፋኑ መሃል ቢላ እያስገባሁ ሥጋውን ብቻ አወጣሁ። እጄ ላይ የቀረችው ባዶ ሽፋን፣ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ የመሰለችው፣ አትጣልም። ስትጨመቅ ጭማቂ ይወጣታል። እሱን ከአንድ ሎሚ፣ ከሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር መታሁት።

ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ቆርጬ ሎሚና ጨው ውስጥ ተውኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው እንደ ጽጌረዳ ቀላ፤ ዓይን የሚያቃጥለው ነገሩም ተወው። ይሄንን እማዬም ወደደችው። «ለዓሣ ይሆናል» አለች።

ከብርቱካኖቹ መሃል ስድስት ያህሉ ቆዳቸው አረንጓዴ ነበር። እማዬ ባየቻቸው ቁጥር «ጥሬ ነው» እያለች ወደ ኋላ ትገፋቸው ነበር። ጥሬ አይደሉም። የቆላ ብርቱካን ውስጡ በስሎም ቆዳው አረንጓዴ ሊቀር ይችላል፤ ቆዳውን የሚያቀላው የሌሊት ብርድ ነው። አንዱን ስከፍተው ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ።

ከዚያ ጥፋት ሠራሁ። ሁሉንም ቀላቅዬ፣ ጭማቂውን አፍስሼበት፣ አሳምሬ አስቀመጥኩ። በር ተንኳኳ። ጠያቂ ነው፣ ከነብርቱካኑ። ቡና ተፈላ። ቡና ደግሞ እስከ በረካው ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ክዳኑን ሳነሣ ቅጠሉ ተኝቷል። ጨውና ሎሚ ውሃውን መጦት ጎድጓዳው ሳህን ሥር ኩሬ ሠርቷል።

እማዬ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ጎመን ነው እንዴ የሠራሽው?»

ደግነቱ ግማሹን ቅጠል ነጠላው ውስጥ አስቀርቼ ነበር። በአዲስ ጀመርኩ። አሁን ጭማቂውን ለብቻው በብርጭቆ ገበታ ላይ አቀረብኩ። አቮካዶውን በመጨረሻ ጨመርኩ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ከላይ ሰባብሬ በተንኩበት፤ ልንበላ ስንል አፈሰስኩበት። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አለው። ሐኪሙ «ቅጠላ ቅጠል ትብላ» ብሏል፤ ብርቱካኑ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ይሄንንም ነገርኳት። አልሰማችኝም። ፍሪጁን እያየች ነበር።

«ቢጫ ፌስታል ውስጥ የነበረው የት ሄደ?»

«ደባለቅኩት፤ መሳቢያው አልዘጋ ብሎ…»

«ጥቁሩስ?»

«እሱንም።»

ሹካዋን አስቀመጠች። ቢጫው ከአራብሳ የመጣው ነው፣ ሁለት ኪሎ። ጥቁሩ የየካ አባዶዋ፣ አንድ ኪሎና መንደሪን። ሰማያዊ መስመር ያለበት ደግሞ የድሮ ዕቁብተኛዋ። ሁሉንም በየፌስታሉ ያስቀመጠችው ለካ አውቃ ነው። እኔ ዝርክርክነት መስሎኝ ነበር።

«ነገ እነሱ ጋ ሰው ሲታመም ምን ይዤ እሄዳለሁ? ማን ምን እንዳመጣ ካላወቅኩ በምን ልመልስ?»

«በደብተር እንጻፈው» አልኳት።

«በደብተር!» አለች፣ እንደ ስድብ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ፍሬ ብቻ ያመጣች አለች። በእጇ ይዛ፣ ፌስታልም የላት። እሷን ነው ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቃት።»

ብርቱካን ስንት እንደገባ ስለማውቅ ምንም አልመለስኩም።

ሹካውን በግራ እጇ አነሣች። ግራ እጅ አልለመደላትም፤ ቅጠሉ ይወድቅባታል፣ ብርቱካኑ ግን ይወጋላታል። ስለዚህ ብርቱካኑን ለቀመች። አንዱን አኘከች።

«ይሄ የአራብሳው ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጣፋጭ ነው። እሷ ቀምሳ ነው የምትገዛው፣ አትክልት ተራም እንደዚያው ነበረች።»

ሌላ ወጋች። ይሄኛው ከአረንጓዴዎቹ አንዱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ዝም ብላ በላችው፣ ደገመች። ሦስተኛው ላይ ፊቷ ተጨማደደ። ውሃ ጠጣችበት።

«ኮምጣጣ» አለች። «የማን እንደሆነም አውቄዋለሁ።»

«የማን ነው?»

ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ቅጠሉን ጨምሪልኝ።»