የከሰል ቆፋሪ ቤት ሙቅ ውኃ

ደቡብ ዌልስ የሄድኩት ቢግ ፒትን ለማየት ነው። ብላናቮን ከተማ አጠገብ ያለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ አቁሞ በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ። ሄልሜትና የራስ መብራት ይሰጡሃል። ስልክህን፣ ሰዓትህን፣ ባትሪ ያለውን ሁሉ ይቀበሉሃል። ከሥር ተቀጣጣይ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል ብልጭታ የሚባል ነገር አይፈቀድም። ከዚያ በሊፍት 90 ሜትር ቁልቁል ነው።

አስጎብኚዎቹ የቀድሞ ቆፋሪዎች ናቸው። የእኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ስለ ማሽኖቹ ብዙ አስረዱን። ልቤን የነካው ግን የሴት አያታቸው ነገር ነው።

ድሮ ቆፋሪው ቤቱ የሚገባው ከነጥላሸቱ ነበር። ሚስቱ ውኃ አፍልታ፣ የቆርቆሮ ገንዳ እሳት ዳር አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። አባትና ልጆች ጉድጓድ ከዋሉ በየተራ ይታጠባሉ። ፈረቃቸው ከተለያየ ሴትዮዋ እንቅልፍ የላትም፤ አንዱን ሸኝታ ሌላውን ትቀበላለች። ጀርባ ግን በየቀኑ አይታጠብም። ጀርባውን የታጠበ ወገቡ ይደክማል ብለው ያምኑ ነበር።

"ወንድ አያቴ ደመወዝ ሲቀበል ቀጥታ መጠጥ ቤት ነው" አሉን። "ሴት አያቴ ታኮርፈዋለች፤ ሳምንት ሙሉ አታናግረውም። ውኃው ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

አብረውኝ የነበሩት ጎብኚዎች ፈገግ አሉ። እኔን የሴትዮዋ ወገብ አሳዘነኝ። ያንን ሁሉ ውኃ ያነሳችው እሷ ናት።

በ1919 ኤልዛቤት አንድሩስ የተባለች ዌልሳዊት ከሌሎች ሁለት የቆፋሪ ሚስቶች ጋር ለንደን ሄዳ፣ የከሰል ኢንዱስትሪውን ለሚመረምረው የሳንኪ ኮሚሽን ቃሏን ሰጠች። ከባድ የውኃ ዕቃ ማንሳት ነፍሰ ጡሮችን ያለ ጊዜያቸው እያስወለደ ነው አለች። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ወንዶቹ እዚያው ሥራ ቦታ ታጥበው ይምጡ። ቢግ ፒት መታጠቢያ ያገኘው በ1939 ነው። ሃያ ዓመት! ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ሻወሩም፣ የልብስ ሎከሮቹም። ከጉድጓዱ ይልቅ እዚያ ብዙ ቆየሁ።

ስንሰነባበት አስጎብኚያችንን ስለ ራሳቸው ትዳር ጠየቅኳቸው። በ1984 በተጀመረው የቆፋሪዎች አድማ ቤታቸው ለአንድ ዓመት ያህል ደመወዝ አልገባም። ሚስታቸው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ምግብ እያበሰሉ ያከፋፍሉ ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥተው መናገርም ለመዱ። አድማው አልቆ፣ እሳቸው የሚሠሩበት ጉድጓድ ሲዘጋ ሚስታቸው ወደ ማጀት አልተመለሱም።

"እኔ ሥራ ፈትቼ ቤት ቁጭ፣ እሷ በየስብሰባው። ቀናሁባት። ልንፋታ ምንም አልቀረንም" አሉ።

"ታዲያ እንዴት ዘለቃችሁ?"

"ማታ ስትመጣ እራት ሠርቼ መጠበቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰሞን የሚበላ አልነበረም፤ እሷ ግን ትበላው ነበር።"