ያልጨረስነው ፊልም በኢዮጴ ወደብ

«ይሄ ነው?»

ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነበር። ፊት ለፊታችን ሜዲትራኒያን ባሕር ተዘርግቷል። ከወደቡ የማዕበል መከላከያ ግንብ ወዲያ ጥቂት ጥቋቁር ድንጋዮች አናታቸውን ብቅ አድርገዋል። አንዱ ላይ ባንዲራ ተተክሏል። ሌላው ላይ ሁለት ወፎች ቆመዋል። በቃ።

ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ምን ጠብቀህ ነበር? ሰንሰለቱ እስካሁን ተንጠልጥሎ?»

እውነቱን ለመናገር አዎ፣ እንደዚያ ዓይነት ነገር ጠብቄ ነበር። ቢያንስ ገደል። ቢያንስ ሰው ሊታሰርበት የሚችል ቋጥኝ። የአንድሮሜዳ ዓለት የሚሉት ግን ከሩቅ ሲታይ ውኃ ውስጥ የተኛ የጎሽ መንጋ ነው የሚመስለው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ነገሩ የጀመረው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ገጠር የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ እየጠበቁ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንዱ ቤተሰብ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ገባ። ልጃቸው እኩያዬ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የማንለያይ ጓደኛሞች ሆንን።

ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ሳሎን ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ትንንሾቹ ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ጎረምሶቹ ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የዳንቴል ልብስ ተጥሎበታል። ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ ይነሳና ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ በመዳፉ አንዴ ያጮለዋል። ይስተካከላል።

አንድ ቀን እዚያ «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ»ን አየን። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የድሮው ነው። ርዕሱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው እንጂ ለእኛ «ጸጉሯ እባብ የሆነው ሴትዮ ፊልም» ነበር። ሜዱሳ! እሳት በሚነድበት ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በእጆቿ መሬቱን እየቧጠጠች ሰውነቷን ትጎትታለች። ወገቧ ከታች እባብ ነው። ጅራቷ ይንኳኳል። ቀስት ትስባለች። ፊቷን ያየ ሰው ድንጋይ ይሆናል። ምንጣፉ ላይ የነበርን ልጆች በሙሉ ዓይናችንን ጨፈንን። እኛንም ድንጋይ ታደርገናለች ብለን ነው።

ያቺን ሜዱሳ ያንቀሳቀሳት ሬይ ሃሪሃውሰን የሚባል ሰው ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። አሻንጉሊቷን በጣቱ ነካ ያደርጋል፤ አንድ ምስል ያነሳል። ደግሞ ነካ፣ ደግሞ አንድ ምስል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ያስፈልጋል። ራሷ ላይ ያሉት እባቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መነካት አለባቸው። የዚህን ሰው ትዕግሥት ሳስበው ጤፍ መልቀም ነው የሚመስለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ረጅም ፊልም አልሠራም።

ከሜዱሳ ሌላ ደግሞ ነጩ ፈረስ አለ፤ ክንፍ ያለው፣ ፔጋሰስ። ጀግናው ፐርሲየስ እሱ ላይ ሲወጣ ከመሃላችን አንዱ «ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሳቀበትም። ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ነዋ። ነጭ ፈረስ፣ ከሥሩ ዘንዶ፣ ከጎን ዛፍ ላይ የወጣች ልጅ። ብሩታዊት። ለዘንዶው ልትሰጥ የነበረች የቤሩት ልጅ ናት። ፊልሙም ያው ሆነብን። አንድሮሜዳ የምትባል ልዕልት ናት። እናቷ ንግሥት ካሲዮፒያ በልጇ ውበት ከአማልክት በላይ ተኩራራች። አማልክቱ ተቆጡ። ልጅቱ ባሕር ዳር ዓለት ላይ ታስራ ለባሕር አውሬ ትሰጥ ተባለ።

ታሰረች። ባሕሩ መናወጥ ጀመረ። ትልቁ አውሬ ከውኃው ወጣ። ፐርሲየስ አልደረሰም። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ «አትፍሩ፣ አክተሩ ይደርሳል!» አለ።

መብራት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ጠበቅን። አልመጣም። ገንዘባችንም አልተመለሰም። «ነገ ቀሪውን አሳያችኋለሁ» ተባልን። በማግስቱ ስንሄድ ሌላ ካሴት ገብቷል፤ ካራቴ።

ግንቦት 16 ቀን ዓርብ ነበር። በዚያ ዓርብና ቅዳሜ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰደ። ዘመቻ ሰሎሞን ይሉታል። ለእኔ ግን የሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቁልፍ ነው። ደህና ሁን እንኳን አልተባባልንም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በፌስቡክ ተገናኘን። የመጀመሪያ መልእክቱ ሰላምታ አልነበረም። «አክተሩ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» የሚል ነው።

ባለፈው ጊዜ በኅዳር ለቤተ እስራኤላውያኑ የስግድ በዓል ጋበዘኝና ሄድኩ። ኢየሩሳሌም ላይ ስላየሁት ስግድ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ቄሶቹን በባለቀለም ጥላቸው ሥር ማየት ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ዛሬ የማወራው ስለ ዓርቡ ነው። ጓደኛዬ ራምላ ነው የሚኖረው። ያፋ ቅርብ ነው። «ያቺ ልጅ የታሰረችበትን ድንጋይ ላሳይህ። ግን ሰንበት ሳይገባ መመለስ አለብን፤ እናቴን ታውቃታለህ» አለኝ። በኅዳር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። አውቶቡስም ይቆማል። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጁ ስልኳን ይዛ ከኋላ ወንበር ገባች።

መጀመሪያ ልዳ ወሰደኝ። ከራምላ አጠገብ ናት፤ አሁን ሎድ ይሏታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር እዚያ ነው። የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከመስጊድ ጋር ተለጣጥፎ የቆመ። መቃብሩ በደረጃ ወርደው የሚያዩት ነው። ተሳልሜ ስወጣ ጓደኛዬ ሰዓቱን እያየ «በል፣ በል» ይለኛል። ጊዮርጊስ ልዳ፣ ብሩታዊት ቤሩት፣ አንድሮሜዳ ያፋ። ሦስቱም አንድ የባሕር ዳርቻ ናቸው። የአንዱ ተረት ወደ ሌላው ተሻግሯል የሚሉ ምሁራን አሉ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ግን ያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የጮኸው ልጅ አልተሳሳተም ባይ ነኝ።

ያፋ ስንደርስ ቀኑ ጋለል ብሏል። የሰዓት ማማውን አልፈን በድንጋይ የተነጠፉትን ጠባብ መንገዶች ወረድን። ድመቱ አይጣል ነው። የዓሣ ሽታ፣ የተጠበሰ ዳቦ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ። የቁርበት ፋቂውን የስምዖንን ቤት ነው የሚሉትን በር አየን፤ ጴጥሮስ ያደረበት። ያፋ እኮ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ ናት። ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል መርከብ የተሳፈረው ከዚሁ ወደብ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ ዓሣ እንደዋጠው የነነዌን ጾም የጾመ ሁሉ ያውቃል። አንድ ወደብ፣ ሁለት የባሕር አውሬ!

ስሟን እስቲ በፊደላችን ጻፉት። ኢዮጴ። ከጎኑ ኢትዮጵያ ብላችሁ ጻፉ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ምክንያቱም በጥንቱ የግሪክ ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። ድንጋዩ ግን ያፋ ነው። እንዴት ሆነ? የስሞቹ መመሳሰል ነው ያምታታቸው የሚሉ አሉ። ስትራቦ የተባለው የጥንት የጂኦግራፊ ጸሐፊም ኢትዮጵያን ወደዚህ ባሕር ዳር አምጥተው ታሪኩ ኢዮጴ ተፈጸመ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ጽፏል።

ያፋዎች ደግሞ ነገሩን የምር ይዘውት ነበር። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ፣ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰንሰለቷ ምልክት ዓለቱ ላይ ይታያል ብሎ ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒ ይባስ ይላል። ስካውሩስ የተባለ ሹም የአውሬውን አጥንት ከኢዮጴ ሮም አስመጥቶ ለሕዝብ አሳየ፤ ርዝመቱም 40 ጫማ ነበር። ወደ 12 ሜትር መሆኑ ነው። የዓሣ ነባሪ አጥንት ይመስለኛል። ቢሆንም ለማየት የተሰለፈውን ሮማዊ አስቡት።

ጀልባ ላይ ወጥተን ድንጋዩን በቅርብ ልናይ ነበር ሐሳባችን። ባሕሩ ተነስቷል። ጀልባ የሚያከራየው ሰውዬ እጁን አወዛወዘ፤ ዛሬ የለም። ማዕበሉ ድንጋዮቹ ላይ እየተፈረከሰ ነጭ አረፋ ይረጫል። ግንቡ ላይ ተቀምጠው መንጠቆ የጣሉ ሽማግሌዎች ዞር ብለው እንኳን አላዩንም።

ልጅቷ ስልኳ ላይ በዕብራይስጥ እያነበበች ነበር። ድንገት ቀና አለች።

«አባ፣ ኢትዮጵያ ይላል እኮ!»

«ምኑ?»

«አንድሮሜዳ። የኢትዮጵያ ልጅ ናት ይላል።» ቀጥላ የፊልሙን ሥዕል ፈለገች። አገኘችና ወደ እኔ አዞረችው። «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ነጭ ናት?»

ጁዲ ባውከር ናት፤ እንግሊዛዊት ተዋናይ። ምን ልበላት? ፊልሙ ልዕልቲቱን የኢዮጴ ልጅ አደረጋት፤ ኢትዮጵያን አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና ሲሠሩት ደግሞ ከተማውንም ቀይረው ግሪክ ውስጥ ያለችው አርጎስ አደረጉት። ፐርሲየስም የወደደው ሌላ ሴት ነው። እንዲያውም አውሬው ራሱ ክራከን የተባለው ከኖርዌይ ባሕር ተረት ተበድሮ ነው። ለክራከን ቪዛ ተገኝቶ ለኢትዮጵያ ጠፋ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬውን ካርታ ማለታቸው አይደለም። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነው። ራሳቸውም አንድሮሜዳን በሸክላዎቻቸው ላይ ነጭ አድርገው አገልጋዮቿን ጥቁር አድርገው የሳሉበት ጊዜ አለ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ግን የአገሯን መልክ የያዘች ጠይም ናት ብሏታል፤ ፐርሲየስም እንደዚያው ሆና ወደዳት። ይህን ለልጅቷ ነገርኳት። «ጠይም» የሚለውን ቃል አላወቀችውም። አባቷ የራሷን ክንድ ያዘና «ይሄ» አላት።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ነው። በእሱ ግጥም የአማልክቱ አለቃ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ድግስ ይሄዳል። የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። በፊልሙ ሎረንስ ኦሊቪዬ ዜውስን ሆኖ ዙፋን ላይ ሲቆጣ ያየሁት ሰው፣ ለካ እኛ ጋ ጠጅ ናፍቆት ኖሯል።

«ሰንበት ሊገባ ነው!» አለ ጓደኛዬ። ሮጥን። መኪናውን ያቆምንበት ጠፋን። ሦስት ጊዜ አንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ተመለስን። ራምላ ስንገባ ፀሐይዋ ጠርዝ ላይ ነበረች። እናቱ በር ላይ ቆመዋል። ነጭ ለብሰዋል። እኔን አቅፈው ሳሙኝ፣ ልጃቸውን ገላመጡት።

የሰንበት ዳቦው ተቆረሰ። ልጅቷ ለአያቷ ታሪኩን በተሰባበረ አማርኛ ተረከችላቸው። ንግሥቲቱ በልጇ ውበት እንደተኩራራች፣ ልጅቱ እንደታሰረች። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «እናትየዋን አላሰሯትም?» አሉ። በተረቱ እሷም አልቀረላትም፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሰማይ ላይ ተሰቅላ ትዞራለች አልኳቸው። ወደ በረንዳ ወጣን። አምስቱ ኮከቦች ከከተማው መብራት በላይ ተጣመው ቆመዋል፤ ካሲዮፒያ። እማማ ቀና ብለው አዩና «ይበላት» ብለው ገቡ።

ልጅቷ ፊልሙን ዛሬ እንይ ብላ ነበር። ሰንበት ነው፣ ቴሌቪዥን አይነካም። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ድረስ ጠበቅን። ከዚያ ትልቁ ስክሪን ተከፈተ። ሜዱሳ መጣች። ልጅቷ አልፈራችም፤ «ፕላስቲክ ትመስላለች» አለች። አባቷና እኔ ግን ተያየን። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድሮሜዳ ዓለቱ ላይ ታሰረች። ባሕሩ ተናወጠ። አውሬው ከውኃው ወጣ።

ጓደኛዬ ብድግ አለ። ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አባ! ምን ሆነ?»

«መብራት ጠፋ» አላት፤ ሳቁ ግን አላስጨረሰውም።