ሳንቺን፣ ትከሻዬና የተሰበረው ገንቦ

ጎጁ ሪዩ የተባለውን የጃፓኗ ደሴት የኦኪናዋ ካራቴ የጀመርኩት ከፍ አድርጎ መራገጥ ለመማር ነበር። አሰልጣኛችን ግን ለወራት ያስደገሙን ሳንቺን የሚባለውን ካታ (ማለትም በቅደም ተከተል የተቀመጠ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ብቻ ነው። የእግር ጣቶችን ወደ ውስጥ አዙሮ መቆም፣ አየር መሳብ፣ ቡጢን በዝግታ መሰንዘር፣ አየሩን ማስወጣት፤ በቃ። ሰልችቶኝ ልተወው ደርሼ ነበር።

ያቆየኝ ታሪኩ ነው። የኦኪናዋ ዋና ከተማ የናሃ ተወላጅ ካንሪዮ ሂጋኦና (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1853–1915) በደቡብ ቻይና በፉዡ ተምረው ሲመለሱ ደቀ መዝሙሮቻቸውን ለዓመታት ሳንቺን ብቻ ያሠሯቸው እንደነበር ይነገራል። በራሴ ጥቂት ወራት አፈርኩ። ከእነዚያ ደቀ መዝሙሮች አንዱ ቾጁን ሚያጊ ስልቱን «ጎጁ»፣ ማለትም ጠንካራና ለስላሳ፣ ብለው የሰየሙት ከአንድ የቆየ የቻይና የውጊያ ድርሳን ስንኝ ወስደው ነው፤ ስንኙ የሚያወራው ስለ ቡጢ ሳይሆን ስለ አተነፋፈስ ነው። ደግሞ በ1940 ለጀማሪ ወጣቶች የሚቀልሉ ሁለት ካታዎችን ፈጠሩ። እንደ እኔ ያለውን ሰልቺ አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል።

እኔ ከስሙ የያዝኩት «ጠንካራ» የሚለውን ብቻ ነበር። ሰውነቴን ሁሉ አግትሬ፣ ትንፋሼን አፍኜ ስሠራ ጆሮዬ ይጮህ፣ ዓይኔ ይጨልም ጀመር። አሰልጣኙ ትከሻዬን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ይሄ ምን አገባው?» አሉኝ። ኃይሉን ወደ ሆዴና ወደ እግሬ ካወረድኩት በኋላ ማዞሩ ተወኝ። ትንፋሽ አይታፈንም፤ ቡጢው ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

ኦኪናዋውያን የገንቦ አፍ በጣቶቻቸው ጨብጠው በመራመድ መዳፋቸውን ያጠነክራሉ። እኔም ከገበያ ሁለት ትንንሽ ገንቦዎች ገዝቼ፣ በጥጋብ በመጀመሪያው ቀን አፋቸው ድረስ አሸዋ ሞላኋቸው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ አንዱ አምልጦኝ ድንጋዩ ላይ ተንኮታኮተ። ባዶውን መጀመር፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እፍኝ መጨመር ነበረብኝ።

ሚያጊ በ1945ቱ የኦኪናዋ ጦርነት ልጆቻቸውንና ተተኪዬ ይሆናል ያሉትን ደቀ መዝሙር አጥተዋል። ያም ሆኖ በ1953 እስኪያርፉ ድረስ ናሃ ውስጥ በቤታቸው ግቢ ያስተምሩ ነበር። እኔም የምለማመደው ግቢ ውስጥ ነው። የተሰበረውን ገንቦ በሌላ ተክቻለሁ፤ እናቴ ግን ከሣሩ ውጭ ይዤው እንዳልራመድ ከልክላኛለች።