ትከፍላለች፤ ግን ከየት?

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ለዕረፍት ስወጣ፣ ስልኬን ከፍቼ አክሲዮኖቼን የማየት መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ገበያው ዝግ ነው፤ ቁጥሩ ከማታው ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን አያለሁ። ዓይኔ አንዷ ላይ ይተከላል። 150 አክሲዮን በ46 ዶላር ሂሳብ ገዝቼ 29 ላይ ወርዳ ቆማለች። ከጎኗ በቀይ 2,550 ዶላር ኪሳራ ይላል።

ለዲቪደንድ (ኩባንያው ለሚያከፋፍለው የትርፍ ድርሻ) ብለን አክሲዮን የምንገዛ ሰዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለን፦ «ካልሸጥክ አልከሰርክም»። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የሰው ገንዘብ ይበላል፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያኛው ነው።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ የባንክ አክሲዮን ከያዘ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀይ ቁጥር አይቶ አያውቅም፤ የሚያሳየው ሰሌዳ ስላልነበረ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ ወጋገን ባንክም እዚያ ገበያ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የተመዘገበው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ባለአክሲዮን የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋና በጠቅላላ ጉባኤ የሚታወጀውን የትርፍ ድርሻ ነበር። አንድ ቀን ደውዬ «ጋሼ፣ አንዷ 37 ከመቶ ወርዳብኛለች» አልኩት።

«ትከፍላለች?»

«ትከፍላለች።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ይህን ስሰማ ልቤ ዐረፈ። ብዙ ቀን ካሰብኩበት በኋላ ግን ጥያቄው ጎዶሎ መሆኑ ገባኝ። ትከፍላለች፣ እሺ። ከየት አምጥታ?

የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ ቬራይዞንን ውሰዱ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። በ2020 መጨረሻ አንዱ አክሲዮን 59 ዶላር ገደማ ነበር፤ በጥቅምት 2023 ወደ 31 ወረደ። በግማሽ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለ5ጂ ሞገድ ጨረታ ወደ 45 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ዕዳው ከብዷል፣ የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ወለድ ደግሞ ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ ከ5 ከመቶ በላይ ወጥቷል፤ ሰው ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ያለ ሥጋት 5 ከመቶ ካገኘ የስልክ ኩባንያ አክሲዮን ለምን ይግዛ? ዋጋው በዚህ ሁሉ ሲወርድ ግን ዲቪደንዱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምር ነበር። በ2023 ኩባንያው የኔትወርክ ግንባታውን ሸፍኖ በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ 18.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ለዲቪደንድ የከፈለው 11 ቢሊዮን ገደማ። ከየት እንደሚከፍል ይታያል። እንዲህ ያለውን ቀይ ቁጥር ታግሶ መያዝ ምክንያት አለው። እንዲያውም ዲቪደንዱን መልሶ ለሚያስገባ ሰው የወረደው ዋጋ ብዙ አክሲዮን ይገዛለታል።

የአሜሪካውን የመድኃኒት መደብር ኩባንያ ዋልግሪንስን ደግሞ እዩ። ከ40 ዓመት በላይ ዲቪደንዱን በየዓመቱ ሲያሳድግ የኖረ ስም ነው። በ2015 ከ90 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ሲወርድ ሲወርድ ብዙ ሰው «ካልሸጥክ አልከሰርክም» እያለ ያዘው፤ ዋጋው በወረደ ቁጥር የዲቪደንዱ መቶኛ ስለሚያብጥ ደግሞ ይብስ ያጓጓ ነበር። በጥር 2024 በየሩብ ዓመቱ ይከፍል የነበረውን 48 ሳንቲም ወደ 25 ቆረጠው። በ2025 መጀመሪያ ጭራሽ አቆመ። በዚያው ዓመት የግል ገዢዎች በ11.45 ዶላር ጠቀለሉት። ባለአክሲዮኑ አልሸጥም ቢልም በዚያች ዋጋ ተሸጦበታል። የወረቀት ኪሳራ የሚባለው አንድ ቀን ወረቀት መሆኑ ያበቃል።

ስለዚህ አሁን ደብተር ይዣለሁ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ሪፖርት በወጣ ቁጥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ኩባንያው በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ፣ ለዲቪደንድ የከፈለው፣ የዕዳው መጠን። የአክሲዮኑን ዋጋ አልጽፍም። ስልኩንም ሌሊት መክፈት ትቻለሁ፤ ያ ቀይ ቀለም ሰውን ወይ ያስደነብራል ወይ ግትር ያደርጋል፣ ሁለቱም አይጠቅሙም።

የኔዋን ባለ 46 ዶላር ደብተሩ ላይ ሳሰፍራት ጉዱ ወጣ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የከፈለችው ዲቪደንድ ካገኘችው ጥሬ ገንዘብ ይበልጣል፤ ልዩነቱን በብድር ነው የሞላችው። በአራት ዓመት 1,200 ዶላር ከፍላኛለች። እሱ ቢደመርልኝም 1,350 ዶላር ከስሬያለሁ። «ዲቪደንዱ መግዣ ዋጋዬን ዝቅ አድርጎልኛል» የሚል ሰው ይህን ሂሳብ እስከ መጨረሻው ቢሠራው ደስ ይለኛል። ታክስ ቤቱ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቅናሽ አያውቅም፤ ዲቪደንዱን በየዓመቱ ታክስ ያስከፍላል፣ መግዣህ ግን ያው 46 ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ሸጥኳት። እዚህ አሜሪካ በተራ ሂሳብ ውስጥ ያለ ኪሳራ መጀመሪያ ከትርፍ ይቀነሳል፣ ከዚያ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝ ገቢ ላይ ይነሳል፣ ቀሪው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እኔ 22 ከመቶ የምከፍል ሰው ስለሆንኩ ያ 2,550 ወደ 561 ዶላር ታክስ አስቀረልኝ። አይአርኤ ወይም 401ኬ በሚባሉት የጡረታ ቁጠባ ሂሳቦች ውስጥ ቢሆን ይህ አይገኝም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ከሸጡበት ቀን 30 ቀን በፊት ወይም በኋላ ያንኑ አክሲዮን ከገዙ፣ በገዙት ልክ ኪሳራው ለጊዜው አይታሰብም፤ ዋሽ ሴል ይሉታል። ዲቪደንድ በራሱ መልሶ እንዲገዛ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ይህ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ ራሱ ስለሚገዛለት። የተወሰነውን ብቻ ለመሸጥ ካሰባችሁ ያቺን ቁልፍ አስቀድማችሁ አጥፏት። አይአርኤ ውስጥ መልሶ መግዛትም ይቆጠራል፤ እንዲያውም እሱ የከፋ ነው፣ ኪሳራው ከታክስ ሳይቀነስ ለዘለቄታው ይቀራል።

30 ቀኑ ካለፈ ቆየ፤ መልሼ መግዛት እችላለሁ። አልገዛሁም። ሌሎች ሁለት ቀያዮች አሉኝ፤ ደብተሩ ላይ ጥሬ ገንዘባቸው ዲቪደንዳቸውን ይሸፍናል፣ አልነካኋቸውም። ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም የባንኩን ሪፖርት ላውጣና የትኛውን ገጽ እንደማይ ንገረኝ» አለኝ። እሑድ በቫይበር አብረን ልናየው ተቀጣጥረናል።